በበሩ ላይ የማን ስም ይጻፍ?

(ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ በአንድ ቅዳሜ አመሻሽ ለአስጎብኚዎችና ለመስተንግዶ ቤት ባለቤቶች የተደረገ ንግግር። ከቃል ወደ ጽሑፍ ሲገለበጥ ብዙም አልተነካም።)

እንደምን አመሻችሁ! አሰላሙ አለይኩም። አካም ጅርቱ። ነበድ። ድሬ ላይ በአንድ ቋንቋ ብቻ ሰላም ብሎ መቀመጥ ነውር ነው። አያቴ እንደዚያ ብላ ነው ያሳደገችኝ።

ከኋላ የቆማችሁ፣ እዚህ ፊት ወንበር አለ። ኑ፣ ግቡ። እማማ፣ እርስዎም ወደ ማራገቢያው ጠጋ ይበሉ። የዛሬው ሙቀት ምሕረት የለውም።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። የዛሬው ወሬዬ ስለ መጠጥ ቤት ነው። መጠጥ የማትቀምሱ ወንድሞቼና እህቶቼ እዚህ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ጎረቤቶቼ ናችሁ፣ አብረን ነው ያደግነው። ጠጡ ልላችሁ አልመጣሁም። የምናገረው ስለ ቤት ነው። ሰው ተሰብስቦ ስለሚቀመጥበት፣ ስለሚያወራበት፣ ስለሚተዋወቅበት አሮጌ ቤት። ሻይ ቤት ያላችሁ፣ ፉል ቤት ያላችሁ፣ ነገሩ እናንተንም ይነካል።

ሦስት ነገር እናገራለሁ። አንደኛ፣ ለንደን ሄጄ ያየሁትን አንድ አሮጌ መጠጥ ቤት። ሁለተኛ፣ የአያቴን ጠጅ ቤት። ሦስተኛ፣ ከእናንተ የምፈልገውን አንድ ነገር። የመጀመሪያው ረዘም ይላል። ታገሡኝ።

እህቴ የምትኖረው ለንደን ነው። ልጠይቃት ሄድኩ። እንደምታውቁት ከሃያ ዓመት በላይ እንግዳ ሳስጎበኝ ኖሬያለሁ። አስጎብኚ ደግሞ ሌላ አገር ሄዶ ዝም ብሎ አያይም። ሕንፃውን ትቶ በሩን ያያል። ማን ቆሞ ይቀበላል? እንግዳው ሲገባ ፊቱ ምን ይመስላል? የአገሬው ሰውስ የት ነው ያለው? እኔም እንደዚያ ነበርኩ።

እህቴ «አንድ ቤት ላሳይሽ» ብላ ፍሊት ስትሪት ወሰደችኝ። ይሄ ጎዳና ለብዙ ዘመን የእንግሊዝ ጋዜጦች መናኸሪያ የነበረ ነው። አሁን ጋዜጦቹ ለቀው ሄደዋል። ቱሪስቱ ግን አለ። በአንድ ወገን የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ጉልላት ይታያል። ቀይ አውቶቡስ ይመላለሳል። ሰው እንደ ከፊራ ገበያ ይገፋፋል። ከዚያ ግርግር መሃል ድንገት ወደ ጎን ታጠፍን። ጠባብ መተላለፊያ ናት። ሁለት ሰው ጎን ለጎን ቢሄድ ትከሻው ይነካካል። ሐረር ጁገል ውስጥ ያሉትን ጠባብ መንገዶች አስታወሰችኝ። ስሟ ዋይን ኦፊስ ኮርት ነው። ድሮ ወይን ለመሸጥ ፈቃድ የሚሰጥበት ቢሮ እዚያ ስለነበር ነው ይላሉ።

መጠጥ ቤቱ እዚያች መተላለፊያ ውስጥ ነው። ስሙ ዬ ኦልድ ቼሸር ቺዝ ይባላል። ስሙን የወሰደው ቼሸር ከሚባለው የእንግሊዝ ክፍል አይብ ነው። በሩ አጠገብ አንድ ሰሌዳ ተሰቅሏል። ሰሌዳው ቤቱ በ1667 እንደገና መሠራቱን ይናገራል። ስለ ለንደን የምጠራው ዓመት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ እንዳትደናገሩ። ከዚያ በታች የነገሥታት ስም ተደርድሯል። በማን ዘመን ተሠራ፣ በማን ዘመን ሠራ፣ ከዚያ በማን ዘመን፣ ከዚያ በማን ዘመን። ከዳግማዊ ቻርልስ ጀምሮ እየወረደ ይመጣል። ቆሜ አንድ በአንድ አነበብኩት። ይህን ሰሌዳ ያዙልኝ። በኋላ እመለስበታለሁ።

«እንደገና» የሚለው ቃል ለምን መጣ? ቤቱ ተቃጥሎ ነበር። በ1666 መስከረም ላይ ለንደን ተቃጠለች። እሳቱ የተነሳው ከአንድ ዳቦ ቤት ነው። ለአራት ቀን ነደደ። 13,200 ያህል ቤት፣ 87 አብያተ ክርስቲያናት በላ። በዚህ ቦታ ላይ ከ1538 ጀምሮ መጠጥ ቤት ነበር። እሱም አብሮ ሄደ። ሰዎቹ ታዲያ ምን አደረጉ? በዓመቱ መልሰው ሠሩት። በዓመቱ! ከተማው ገና አመድ ነው። ሰው መጠለያ ይፈልጋል። ግን የሚገናኙበት ቤትም ያስፈልጋቸው ነበር።

እኛም እኮ ይሄን እናውቀዋለን። በ2007 ዓ.ም. ጥር ወር የአዲስ አበባው ጣይቱ ሆቴል ሲቃጠል ስንቶቻችን ደንግጠናል? እዚህ ድሬ ቁጭ ብለን ያለቀስን አለን። አብዛኛዎቻችን አንድም ሌሊት አድረንበት አናውቅም። ያስለቀሰን ታዲያ ምንድን ነው? ቤቱ የሁላችንም ስለነበር ነው። ተጠግኖ ወደ ሥራ ሲመለስ ደግሞ የራሳችን ጓዳ የተመለሰ ያህል ደስ አለን።

ወደ ለንደኑ ቤት ልመለስ። የበሩ ደፍ ድንጋይ ነው። መሃሉ ጎድጉዷል። ማንም በመዶሻ አልጎደጎደውም። እግር ነው የበላው። ለዘመናት የገባና የወጣ ሰው እግር። ጎንበስ ብዬ በእጄ ዳሰስኩት። ለስላሳ ነው፣ እንደ ወፍጮ ድንጋይ። እህቴ «ሰው እያየሽ ነው» አለችኝ። ይየኝ። ከዚያ ቤት ሁሉ እኔን የያዘኝ እሱ ደፍ ነው። እኛ ብንሆን ኖሮ «ተበላሽቷል» ብለን ነቅለን ሴራሚክ እናነጥፍበት ነበር። አናደርገውም እንዴ? ስንቱን የከዚራ ቤት ደረጃ እንደዚያ አድርገናል!

ውስጡ ጨለማ ነው። ከቀን ብርሃን ስትገባ ዓይንህ እስኪለምድ ትቆማለህ። ግድግዳው በእንጨት የተለበጠ ነው፣ እንጨቱም በዘመን ብዛት ጠቁሯል። ክፍሎቹ ትንንሽ ናቸው። ወለሉ ላይ ሰጋቱራ ተበትኗል። ምድጃ አለ። ከሥር ደግሞ ምድር ቤት አለ፣ በድንጋይ ቅስት የተሠራ። የጥንት የመነኮሳት ገዳም አካል እንደነበር ይነገራል። ደረጃው ጠባብ ነው፣ ረጅም ሰው ጭንቅላቱን ጎንበስ ያደርጋል።

እኛ ቁጭ ብለን አሳላፊ እስኪመጣ ጠበቅን። አይመጣም። ለካ እዚያ አገር አንተው ራስህ ባንኮኒው ጋ ሄደህ ታዛለህ፣ እዚያው ትከፍላለህ፣ ብርጭቆህን ይዘህ ትመለሳለህ። መለኪያቸው ፓይንት ይባላል፣ 568 ሚሊ ሊትር ነው። መለኪያው በሕግ የተወሰነ ነው። ማንም ቀንሶ አይቀዳልህም።

ከአንዱ ትንሽ ክፍል በር በላይ ደግሞ ጽሑፍ አለ። «በዚህ ባር የሚስተናገዱት ወንዶች ብቻ ናቸው» ይላል። ድሮ የተጻፈ ነው። ዛሬ አይሠራም። እኔና እህቴ ከሥሩ አልፈን ገብተን ተቀመጥን። ማንም ቀና ብሎ አላየንም።

ግን እንዲሁ በቀላሉ አልመጣም። እዚያው ፍሊት ስትሪት ላይ ኤል ቪኖ የሚባል ሌላ የታወቀ መጠጥ ቤት አለ። ጋዜጠኛውና ጠበቃው የሚሰበሰብበት ነበር። ሴት ባንኮኒው ጋ ቆማ ማዘዝ አይፈቀድላትም። ከኋላ ክፍል ገብታ መቀመጥ አለባት። ወሬው፣ ዜናው፣ ምስጢሩ ያለው ግን ባንኮኒው ጋ ነው። አንዲት የሕግ ባለሙያና አንዲት ጋዜጠኛ ጉዳዩን ፍርድ ቤት ወሰዱት። በ1982 በይግባኝ አሸነፉ። 1982! እኔ ያኔ ተወልጄ የአያቴን ብርሌ አጥብ ነበር። የሰለጠነ የምንለው አገር እንኳ ለዚች ለአንድ መቆሚያ ቦታ ዳኛ ፊት ቆሟል።

አሁን ደግሞ አንድ ነገር አስተውሉልኝ። ቤቱ ውስጥ ሙዚቃ የለም። አንድም ድምፅ ማጉያ የለም። ቤቱን የያዘው ሳሙኤል ስሚዝ የሚባል የቢራ ጠማቂ ድርጅት ነው። በ1758 የተመሠረተ ነው። በመጠጥ ቤቶቹ ሙዚቃ ከልክሏል፣ በስልክ ማውራትንም ከልክሏል። ታዲያ ምን ይሰማል? ሰው ይሰማል። ወንበር ሲጎተት ይሰማል። ከጥጉ የሆነ ሰው ሲስቅ ይሰማል። ከየአገሩ የመጣ ቱሪስት ሞልቶታል፣ አንገቱ ላይ ካሜራ አለ። እሱም ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ማንም አላዘዘውም። ቤቱ ራሱ ነው ያዘዘው።

አጠገባችን አንድ ሽማግሌ ጋዜጣ ያነባሉ። ደንበኛ መሆናቸው ያስታውቃል፣ አቀማመጣቸው የራሳቸው ሳሎን ነው። ቦርሳችን የምናስቀምጥበት ስናጣ ዝም ብለው ኮታቸውን ከወንበሩ አነሱልን። ከየት እንደመጣን ጠየቁ። ኢትዮጵያ አልናቸው። «እንግዲያውስ የጆንሰንን ቤት ሳታዩ እንዳትሄዱ» አሉን። ሁለት ደቂቃ የማይሞላ መንገድ ነው።

ማን ነው ጆንሰን? ሳሙኤል ጆንሰን የእንግሊዝኛን ታላቅ መዝገበ ቃላት ያዘጋጀ ሰው ነው። በ1755 ነው ያወጣው። ገና በወጣትነቱ፣ በ1735፣ ጀሮኒሞ ሎቦ የሚባል የፖርቱጋል ሚሲዮናዊ ስለ አገራችን የጻፈውን የጉዞ መጽሐፍ ተርጉሟል። በኋላ ደግሞ፣ በ1759፣ የራሱን ልብወለድ ጻፈ። ባለታሪኩ የአቢሲንያ ልዑል ነው። ሰውየው ኢትዮጵያን በዓይኑ አይቶ አያውቅም። ግን አገራችን እዚያች ጠባብ ሰፈር ውስጥ፣ በአንድ ሰው ሐሳብ ውስጥ ትኖር ነበር። እኔ ከድሬ ተነስቼ እዚያ ስቀመጥ እንግዳ ነኝ ብዬ ነበር። ያን ስሰማ እንግዳነቱ ቀለለኝ።

ጆንሰን የዚያ መጠጥ ቤት ደንበኛ ነበር ይባላል። ጎረቤት ስለነበር ይሆናል ብሎ መገመት ይቻላል። በዘመኑ የተጻፈ ማስረጃ ግን የለውም። ይሄን የምነግራችሁ ምክንያት አለኝ።

አስጎብኚዎች፣ ለእናንተ ነው። ሐረር ላይ ራምቦ ቤት የምንለውን ታውቁታላችሁ። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ሐረር የገባው በፈረንጅ አቆጣጠር በ1880 ነው። አሁን ሙዚየም የሆነው ያ የሚያምር የእንጨት ቤት ግን ከእሱ በኋላ በአንድ ሕንዳዊ ነጋዴ የተሠራ ነው። ራምቦ አልኖረበትም። እኔም ወጣት ሳለሁ «እዚች መስኮት ጋ ቆሞ ይጽፍ ነበር» እያልኩ አስጎብኝቻለሁ። ሌሎች ሲሉ ሰምቼ ነው። አንድ ቀን እውነቱን መናገር ጀመርኩ። ቤቱ የነጋዴ ነው፣ ይሄን ቀለም ያለው መስታወት ያስገባ፣ ይሄን ጣራ ያሳለ ነጋዴ ነው አልኳቸው። ምን ሆነ? እንግዶቹ ከበፊቱ የበለጠ ቆዩ። ጣራውን ቀና ብለው ማየት ጀመሩ። እስከዚያ ድረስ ሁሉም ራምቦን እየፈለገ ቤቱን አያየውም ነበር። እና ስለ ቤቶቻችን ስንናገር የማናውቀውን ዓመት አንጨምር። የማናውቀውን ታዋቂ ሰው አናስቀምጥበት። አደራ።

እሺ። ከዚያ ቤት ሳልወጣ አንድ የመጨረሻ ነገር። በቀቀን ነበረቻቸው። ፖሊ ትባላለች። ለብዙ ዓመት እዚያ ኖራለች፣ እንግዳ ታናግራለች፣ የጠርሙስ ቡሽ ሲከፈት የሚወጣውን ድምፅ ታስመስላለች። በ1926 ስትሞት ጋዜጦች ዜና ዕረፍቷን አወጡ። እህቴ ይሄን ስትተርክልኝ ደስ ብሎኝ ሰማሁ። ከዚያ ልቤ አንድ ቦታ ሄዶ ቆመ።

ነገሥታቱ በበሩ ሰሌዳ ላይ ስም አላቸው። ጸሐፊው ስም አለው። በቀቀኗ ስም አላት።

የቀዱትስ? ምድር ቤት ወርደው በርሜል ያንከባለሉትስ? ያን ወለል በየሌሊቱ የጠረጉትስ? ማን ይባላሉ?

አያቴ ትዝ አለችኝ። ሁለተኛው ነገሬ እሷ ናት።

አያቴ ለገሃሬ ጠጅ ቤት ነበራት። ድሬን የወለዳት ባቡር ነው፣ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። መስመሩ ሐረር እንዲገባ ነበር የታሰበው። ዳገቱ ከበደ፣ ወጪው በዛ፣ ባቡሩ ከታች ቀረ። በ1895 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ እዚህ ደረሰ። አዲስ አበባ ለመግባት ከዚያ በኋላ ከ14 ዓመት በላይ ፈጅቶበታል። ያን ሁሉ ዓመት ዕቃው እዚህ ይራገፋል፣ ሰው እዚህ ይወርዳል፣ በቅሎና ግመል እዚህ ይጫናል። ግሪኩ፣ አርመኑ፣ የመኑ፣ ሕንዱ፣ ፈረንሳዩ፣ ከየአቅጣጫው የመጣው የአገራችን ሰው እዚህ ተገናኘ። የደከመ መንገደኛ ምን ይፈልጋል? ውሃ፣ ምግብ፣ ጥላ፣ የሚያናግረው ሰው። ድሬ ከተማ ከመሆኗ በፊት እንግዳ መቀበያ ነበረች ማለት ነው።

የአያቴ ቤት ሰዓት አልነበረውም። ሰዓቱ ባቡሩ ነው። ፉጨቱ ሲሰማ አያቴ ብርሌውን ትደረድራለች። ከዚያ ይገባሉ። የወርክሾፕ ሰዎች፣ እጃቸው በግሪስ የጠቆረ። ነጂዎቹ፣ ዓይናቸው የቀላ። ከጥላው ሥር በሽርጥ የሚቀመጡ የጡረታ ሰዎች። አንዱ «ቦንዡር» ይላል፣ አንዱ በሶማሊኛ ይመልሳል፣ አንዱ በኦሮምኛ ይስቃል። አቦ፣ ምን ዓይነት ቤት ነበር!

ጠጅ እዚህ መጣል ቀላል ሥራ አይደለም። ደጋ ላይ ቀዝቀዝ ይላል፣ ጠጁ በእርጋታ ይበስላል። ድሬ ይቸኩላል። ሙቀቱ ይገፋዋል። አንድ ቀን ከዘነጋሽው ይመርራል፣ ሁለት ቀን ከዘነጋሽው ይኮመጥጣል። አያቴ ጋኑን በወይራ ታጥናለች። ማሩን በውሃ ትበርዛለች። ጌሾውን ቀቅላ ትጨምራለች። ከዚያ ጋኑን በእርጥብ ጆንያ ትጠቀልለዋለች። ሌሊት ተነስታ ጆንያው ላይ ውሃ ትረጫለች። እኔ እንቅልፌ ውስጥ ሆኜ የውሃውን ድምፅ እሰማ ነበር። ከዚያ ጆሮዋን ጋኑ ላይ ትለጥፋለች። «ያወራል» ትላለች። ሲፈላ ማለቷ ነው። ወሬው ሲቀንስ ያኔ ታወርደዋለች። ቴርሞሜትር የለ፣ ወረቀት የለ። ጆሮ ብቻ።

የእኔ ሥራ ብርሌ ማጠብ ነበር። የብርሌ አንገት ጠባብ ነው፣ የትልቅ ሰው እጅ ቀርቶ የልጅ እጅም አይገባም። ደቃቅ ጠጠር ታስገቢያለሽ፣ ውሃ ትጨምሪያለሽ፣ አፉን በመዳፍሽ ይዘሽ ትነቀንቂያለሽ። ጠጠሩ ውስጡን ይፍቀዋል። ድምፁ ዝናብ የሚጥል ይመስላል። ከዚያ ወደ ፀሐይ ታነሺዋለሽ። ብርሃኑ ጥርት ብሎ ካላለፈ አያቴ ትመልሰዋለች። አንድም ቀን ተቆጥታ አታውቅም። ብቻ ትመልሰዋለች።

እዚያ ቤት ጠጪው በአብዛኛው ወንድ ነው። የቤቱ ንግሥት ግን ሴት ናት። የምትጥል እሷ፣ የምታዝ እሷ፣ የሰከረውን «ይብቃህ ልጄ፣ ግባ» ብላ የምታስወጣ እሷ፣ ደመወዝ ያልደረሰለትን በቃል የምትመዘግብ እሷ። በአገራችን ጠላውንም ጠጁንም ይዞ የኖረው የሴት እጅ ነው። ስንት ልጅ በዚያ ገንዘብ ተማረ! እኔ አንዷ ነኝ።

ሁሉም «እትዬ» ይላታል። እትዬ፣ ድገሚኝ። እትዬ፣ ሒሳብ። ስታርፍ ለቅሶው ላይ የባቡር ሰዎች መጡ። ድንኳኑ አልበቃም። ቄሱ ስሟን ሲጠሩ አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ወደ እኔ ዞሩ። «ስሟ እሱ ነው እንዴ?» አሉኝ። ሃያ ዓመት ከእጇ ጠጥተዋል። ስሟን የሰሙት የዚያን ቀን ነው። አለቀሱ። ስላረፈች ብቻ አልነበረም ያለቀሱት። ሳይጠይቋት በመኖራቸው ነበር።

ቤቱ አሁን የለም። ጥፋቱን በአንድ ሰው ላይ አልጭንም። አሮጌው ባቡር ቆመ፣ ደንበኞቹ ጡረታ ወጡ፣ አዲሱ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ብሎ ተሠራ። ቤተሰቡ ቤቱን አከራየ። የተከራየው ሰውዬም ለፍቶ አዳሪ ነው። ግን ቱሪስት ይመጣል ብሎ ሁሉን ቀየረው። መደቡን አፈረሰ። የፕላስቲክ ቄጠማ አነጠፈ። ግድግዳው ላይ ጎጆና ጋሻ አሳለ። ትልቅ ድምፅ ማጉያ በር ላይ አቆመ። የቀሩት ሽማግሌዎች አንድ ሁለቴ መጥተው መነጋገር ሲያቅታቸው ተዉት። ቱሪስቱም አንዴ ፎቶ አንስቶ ሄደ። ለምን ይመለሳል? የሚያየው ሰው የለማ! ፈረንጅ ከአገሩ ድረስ የሚመጣው እኛን ሊያይ ነው፣ እኛ ከሌለን ምን ሊያይ?

ሐረርን ተመልከቱ። ጁገል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። እንግዶቼን ይዤ ስሄድ ከግንቡም ከበሮቹም ይልቅ ልባቸው የሚቀረው የሐረሪ ቤት ውስጥ ነው። ለምን? ነደባው ላይ፣ ከፍ ብሎ በተሠራው መደብ ላይ፣ ሰው ይቀመጥበታላ። ማን የት እንደሚቀመጥ ሥርዓት አለው፣ ቤተሰቡ ዛሬም ይኖርበታል። እናትየው ሰፌዷን ከግድግዳ አውርዳ ትሠራበታለች። እንግዳው ጫማውን አውልቆ ሰው ቤት ነው የሚገባው። ለንደን ያየሁትም ይሄንኑ ነው። እኒያ ሽማግሌ ጋዜጣቸውን ይዘው እዚያ ባይቀመጡ ኖሮ፣ ያ ቤት ለእኔ ጥቁር እንጨት ነበር።

እና ሦስተኛው ነገሬ። አጭር ነው።

ከኋላዬ በነጠላ የተሸፈነ ነገር ታያላችሁ። ሰሌዳ ነው። የዋንዛ እንጨት ነው፣ እዚሁ ሰፈር ነው ያስጠረብኩት። የለንደኑ ሰሌዳ የነገሥታት ስም ነበረው። ይሄ የሴቶች ስም ይኖረዋል። ድሬ ላይ ጠጅ የጣሉ፣ ጠላ የጠመቁ፣ ሻይ ያፈሉ፣ ባጊያ የጠበሱ፣ እንግዳ ተቀብለው ያሳደሩ። ሰፈራቸው፣ ቢታወቅ ዘመናቸው፣ ባይታወቅ ባዶ ይተዋል። ቤተሰብ ካልፈቀደ አይጻፍም። እያንዳንዳችሁ ደግሞ በየቤታችሁ በር ላይ ትንሽ ሰሌዳ ስቀሉ። ማን ከፈተው? ከማን ተቀበላችሁት? አንድ እንጨት፣ አንድ ብሩሽ፣ አንድ ቆርቆሮ ቀለም ነው። እንግዳ ሲመጣ ቆሞ ያነበዋል። እኔ እዚያ መተላለፊያ ላይ ቆሜ የማላውቃቸውን ንጉሦች ስም ካነበብኩ፣ የእኛን እናቶች ስም ማን ያልፈዋል?

ደረጃዎቻችሁን አትንቀሉ። ሙዚቃውን ሰው እስኪሰማማ ድረስ ዝቅ አድርጉት። የድሮ ደንበኛችሁ ወንበር ላይ ቱሪስት አታስቀምጡበት፣ አጠገቡ አስቀምጡት። ይሄን ያህል ነው የምለምናችሁ።

ነጠላውን እንዲያነሱልኝ ልጆቹን እጠይቃለሁ። አመሰግናለሁ፣ ቀስ በሉ፣ ቀለሙ ገና አልደረቀም።

የመጀመሪያው መስመር ላይ ያለው የአያቴ ስም ነው። ዛሬ ጠዋት በእጄ ጻፍኩት። ሁለተኛው መስመር ባዶ ነው።

እማማ፣ እርስዎ ማራገቢያው ጋ ያሉት። እኔ ልጅ ሳለሁ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ቤት እንደነበርዎት አውቃለሁ። ብርሌ ሲያንሰን ከእርስዎ ቤት ነበር የምንዋሰው። ማይክሮፎኑን ይስጧቸው። የእርስዎን ስም እንጽፋለን። መጀመሪያ ግን፣ ቤቱን ከማን ነው የተቀበሉት? ከእርስዎ በፊት የነበረችው ማን ትባል ነበር? ቀስ ብለው ይንገሩኝ፣ ብሩሹን ይዣለሁ።